የሣር ምድሩን ማን ይጠብቀው? «አንድ ጠንካራ ባለቤት ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ሚኒሶታ ያለን ሐበሾች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ፕሬሪ ነው፤ ስለ አሜሪካ የተፈጥሮ ሣር ምድር። በቋንቋችን ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት። የጸሐፊው ሐዘን የኔም ሐዘን ነው። ረጅም ሣር የሚበቅልበት ፕሬሪ በአንድ ወቅት 170 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይሸፍን ነበር። ዛሬ የቀረው ከመቶ 4 እጅ አይሞላም። እኛ በምንኖርበት ሚኒሶታ ደግሞ ከ18 ሚሊዮን ኤከር የተረፈው ከመቶ 1 እጅ ብዙም አይበልጥም። እስከዚህ ድረስ አንድ ነን።

የምንለያየው መፍትሔው ላይ ነው። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ጥበቃ ድርጅቶች «ትብብር» እያሉ ጊዜያቸውን በስብሰባ ጨርሰዋል። ይልቅ አቅም ያለው አንድ አካል መሬቱን ይግዛና ይጠረው። ከብት አርቢዎች የፕሬሪ ጠላት ስለሆኑ አጋር አይሆኑም። ሣሩን ማቃጠል ይቁምና ዛፍ ይተከል። የተበጣጠሱት ትንንሽ ቦታዎች ተስፋ ስለሌላቸው ይተዉ። ነባር ሕዝቦቹን መጋበዝ ለክብር ያህል ነው። እኛ መጤዎች ደግሞ ነገሩ አይመለከተንም።

ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«አንድ አካል ይግዛውና ይጠረው»

ይህ ሐሳብ ካንሳስ ውስጥ ተሞክሮ ያውቃል። ከረጅም ሣር ፕሬሪ የተረፈው አብዛኛው ክፍል ያለው እዚያ፣ ፍሊንት ሂልስ በሚባለው ኮረብታማ አገር ነው። ብሔራዊ ፓርክ እናቋቁም የሚለው ዕቅድ ገና ዱሮ ነው የተነሣው። በ1961 መጨረሻ የፌዴራል መሬቶችንና ፓርኮችን የሚመሩት ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል ቦታውን ሊያዩ በሄሊኮፕተር ሄዱ። ገና ከማረፋቸው የግጦሽ መሬቱን የያዘው ከብት አርቢ ደረሰና ከዚህ ውጡልኝ አላቸው። ሚኒስትሩ ተመልሰው ሄዱ። የፓርኩ ዕቅድም ከዚያ በኋላ ምክር ቤት እየገባ እየወደቀ ብዙ ዓመት ቆየ። ገንዘብ ጠፍቶ አልነበረም። የአካባቢው ሰው መንግሥት መሬታችንን ሊነጥቀን ነው ብሎ ስለፈራ ነበር።

ነገሩ የተፈታው በ1996 ነው። የካንሳሷ ሴናተር ናንሲ ካሰባም የገፉበት ሕግ ሲጸድቅ የረጅም ሣር ፕሬሪ ብሔራዊ ጥብቅ ቦታ ተቋቋመ። ስፋቱ ወደ 10,900 ኤከር ነው። አስተውሉ፣ ሕጉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከዚህ ውስጥ ከ180 ኤከር በላይ ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። የቀረው በግል ድርጅት እጅ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ አብዛኛውን የያዘው ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የሚባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ነው። አንዱ መሬቱን ይይዛል፣ ሌላው ጠባቂና አስጎብኚ ያቀርባል፣ አብረው ያስተዳድራሉ። በ2009 ጎሽ፣ ማለትም የአሜሪካው ባይሰን፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሌላው ክፍል የከብት ግጦሽም ቀጥሏል። 35 ዓመት ያልተከፈተ በር የተከፈተው ባለቤትነቱ ሲከፋፈል ነው። ጸሐፊው እንደ ድክመት የሚቆጥሩት ነገር እዚህ ቁልፉ ነበር።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። ሞንታና ውስጥ አሜሪካን ፕሬሪ የሚባል ድርጅት ከ2001 ጀምሮ የግል እርሻዎችን እየገዛ፣ ከመንግሥት መሬት ጋር እያያያዘ፣ 3.2 ሚሊዮን ኤከር ለማገናኘት ይሠራል። የሚገዛው መሸጥ ከፈለገ ሰው ብቻ ነው፣ ጎሾችንም መልሷል። ሥራቸውን አላጣጥልም። ግን ጸሐፊው «ማንም አያስቆመውም» ብለው በአርአያነት የጠቀሱት ይህን ዓይነት አሠራር ነው። እዚያ አካባቢ መንገድ ዳር የሚታየው ትልቁ ጽሑፍ «ካውቦዩን አድኑ» የሚል ተቃውሞ ነው። ጎረቤት እንዲህ ከተኳረፈ ጎሽ ባመለጠ፣ አጥር በወደቀ፣ ውሃ ባነሰ ቁጥር ክርክሩ ፍርድ ቤትና ምክር ቤት ይደርሳል።

እዚያው ክፍለ ሀገር፣ ከማልታ ከተማ በስተደቡብ፣ ማታዶር የሚባል 60,000 ኤከር የከብት እርሻ አለ። ኔቸር ኮንሰርቫንሲ በ2000 ገዛው። አጥሮ ሊተወው ይችል ነበር። ድርቅ ገብቶ ጎረቤቶቹ ሣር ሲያጥራቸው ግን ሌላ ነገር አሰበ። ኑ፣ ከብቶቻችሁን እኔ ጋ አግጡ፤ ዋጋም እቀንስላችኋለሁ፤ በምትኩ እናንተ በራሳችሁ መሬት ላይ አንዳንድ ነገር አድርጉ አላቸው። ያልታረሰውን ፕሬሪ ማረሻ አታስነኩት። መጤ አረም ተከላከሉ። አጥራችሁን የዱር ሚዳቋ በሥር ሾልኮ እንዲያልፍ አድርጉት። የዱር ወፎች የሚጋቡበትን ሜዳ አትንኩ። ገበሬው ከነዚህ የፈለገውን ይመርጣል። የሚቀነስለት ኪራይም በመረጠው ልክ ነው። ሣሩ እንደ ባንክ ገንዘብ ስለሚያገለግል የሣር ባንክ ይሉታል። በዚህ መንገድ እንክብካቤ የሚያገኘው የጎረቤቶቹ መሬት ከማታዶር ከራሱ ይበልጣል፤ ያውም አንድ ኤከር ሳይገዛ።

ጸሐፊው አገራችንንም ጠቅሰው «እኛም ጋ የተረፈው መንግሥት ያጠረው ብቻ ነው» ይላሉ። የመንዝ ጓሳስ? የጓሳን ሣር ለመቶዎች ዓመታት የጠበቀው ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ሥርዓት ነው። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲፈቀድ ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ የተናጋውም ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የመሬቱ ሥልጣን ከነዋሪው እጅ ሲወጣ ነው።

«ከብት አርቢው ጠላት ነው»

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጥፋተኛውን አልለየም። ፕሬሪን ያጠፋው በዋናነት ማረሻ ነው። ጆን ዲር የብረት ማረሻውን የሠራው በ1837 ኢሊኖይ ውስጥ ነው። ያ ማረሻ ጥቁሩን፣ የሚያጣብቀውን፣ በሥር የተጠላለፈውን አፈር ገለበጠው። በ1862 ደግሞ መሬት አርሶ ለሠፈረበት ሰው መሬት የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ኢሊኖይና አዮዋ በቆሎ ሆኑ። አዮዋ ከፕሬሪዋ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ የላትም።

ፍሊንት ሂልስ ለምን ተረፈ? ድንጋያማ ስለሆነ ማረሻ እምቢ አለው። የማይታረስ መሬት ደግሞ ለከብት ሆነ። የኔብራስካ ሳንድሂልስም አሸዋ ስለሆነ እንደዚሁ። ዛሬ እነዚህ ሁለቱ ከተረፉት ታላላቅ የሣር ምድሮች ውስጥ ናቸው፤ አብዛኛውም በከብት አርቢ ቤተሰቦች እጅ ነው። እነሱን ከጨዋታው ካስወጣን ስለየትኛው ፕሬሪ ነው የምናወራው?

ግጦሽ በራሱ ለሣሩ ባዕድ አይደለም። ካንሳስ ማንሃታን ከተማ አጠገብ ኮንዛ የሚባል 8,600 ኤከር ገደማ የሆነ የምርምር ቦታ አለ። በ2022 የታተመው የዚያ ቦታ ጥናት ወደ ሠላሳ ዓመት ከሚጠጋ ክትትል በኋላ ያገኘው ይኼ ነው፦ ጎሽ የሚግጥበት ፕሬሪ ምንም ካልተጋጠው ጋር ሲነጻጸር የነባር ዕፅዋት ዓይነቱ እጥፍ ሆኗል። ከብት የሚግጥበትም ጨምሯል፣ በጣም ባነሰ መጠን ቢሆንም። ስለዚህ ጎሽ ይሻላል፣ እስማማለሁ። ከብት ግን ከባዶ አጥር ይሻላል።

ከብት አርቢ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ፍሊንት ሂልስ ውስጥ ብዙ ቦታ በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቃጠልና ወዲያው ብዙ ከብት ይለቀቅበታል። የፕሬሪ ዶሮ የምትባለው የዱር ወፍ ደግሞ እንቁላሏን የምትደብቅበት ያለፈ ዓመት ሣር ትፈልጋለች። ሁሉም ከተቃጠለ የት ትጣል? መፍትሔው መሬቱን ከፋፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ ማቃጠል ነው። ከብቱ ራሱ አዲስ ወደበቀለው ይሄዳል፣ ሌላው ያርፋል፣ ረጅም ሣር ይኖራል። ይህን ያወቁት ተመራማሪዎች ናቸው። የሚሠራው ግን ገበሬው ነው። ገበሬውን ጠላት ብለህ ስታበቃ ይህን ምክር በምን አፍህ ትነግረዋለህ?

«ማቃጠሉ ይቁም፣ ዛፍ ይተከል»

ይህ ነጥብ ብዙ አንባቢ ልብ ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁ። እኛ ያደግነው ዛፍ መትከል በጎ ሥራ ነው፣ እሳት ጥፋት ነው እየተባልን ነው። በየአገሩ ተራራ እውነትም ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የፕሬሪ ሣር አብዛኛው አካሉ ያለው ከመሬት በታች ነው። ትልቁ ብሉስቴም የሚባለው ሣር ሥሩ ከሁለት ሜትር በላይ ይወርዳል። አዲስ ቡቃያ የሚወጣበት ክፍሉም አፈሩ ውስጥ ስለሆነ እሳት ቢያልፍበት ከሳምንታት በኋላ አረንጓዴ ነው። የነባር ሕዝቦች አባቶች ይህን አውቀው ለብዙ ሺህ ዓመታት አቃጥለውታል። ለአደን፣ ጎሹን ለመሳብ፣ መንገድ ለመክፈት።

እሳቱ ሲቆም የመጣው ጥድ ነው። የእኛ የሐበሻ ጥድ ዘመድ፣ የምሥራቅ ቀይ ጥድ የሚሉት። ወፍ ፍሬውን በልቶ አጥር ላይ ይቀመጣል፣ ዘሩን ይጥላል፣ ችግኙ ይወጣል። ካደገ በኋላ ጥላው ሥር ሣር አይበቅልም። ኮንዛ ውስጥ በየዓመቱ የሚቃጠል፣ በየአራት ዓመቱ የሚቃጠል፣ በየሃያ ዓመቱ ብቻ የሚቃጠል ቦታ ለይተው ለአሥርተ ዓመታት አይተዋል። እሳት የራቀው ቦታ ወደ ቁጥቋጦና ዛፍ ነው የሄደው። ልጅ ጥድ ግን እሳት ከነካው መልሶ አያቆጠቁጥም። በጊዜው የተለኮሰ እሳት ከማንኛውም መጋዝ ይበልጣል።

ይህንን እሳት ማነው የሚለኩሰው? ብቻውን የሚችለው የለም። አንድ ቃጠሎ ምን እንደሚፈልግ ልንገራችሁ። ጠዋት ሰው ይሰበሰባል። መጀመሪያ ነፋሱ ይታያል፣ ቀጥሎ የአየሩ እርጥበት። ነፋሱ ካልተመቸ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዙሪያው ቀደም ብሎ ታጭዷል ወይም ውሃ ተረጭቷል። አንዱ እሳት የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ይይዛል። ሌላው የውሃ ከረጢት አዝሏል። ሌላው ረጅም እጀታ ያለው የጎማ መምቻ ይዟል። የሚጀመረው ነፋሱ ወደሚሄድበት ጫፍ ነው። እሳቱ ከነፋሱ ጋር እየታገለ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ይበላል፤ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም። ከኋላው ሰፊ ጥቁር መሬት ይተዋል። ከዚያ ሁለቱ ጎኖች ይለኮሳሉ። መጨረሻ ላይ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ሲለኮስ እሳቱ ከሰው ቁመት በላይ ይነሣና ይጋልባል፣ ሣሩ እየተንጣጣ ጥቁሩ መሬት ጋ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ከዚያ በኋላም ሥራ አለ። የሚጨስ ጉቶና ኩበት አንድ በአንድ ይጠፋል።

ኔብራስካ ውስጥ ሎስ ካንየንስ በሚባለው አገር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከብት አርቢዎች ራሳቸው የቃጠሎ ማኅበር መሥርተዋል። ነገሩ ወንፈል ነው፤ ዛሬ ያንተን፣ በሚቀጥለው ሳምንት የኔን። መሣሪያውን በጋራ ይገዛሉ፣ አብረው ይሠለጥናሉ፣ ባለሙያው ከመንግሥትም ከግል ድርጅትም ይመጣል። ጥዱን ወደ ኋላ መግፋት ከተቻለባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኼ ነው። የእሳቱ ወሰን የሚሆነው የመሬት ካርታው መስመር አይደለም፤ ወንዙ ወይም ጥርጊያ መንገዱ ነው። ስለዚህ አምስት ጎረቤት ከተስማማ በአንድ ቀን የሚቃጠለው፣ አንዱ እምቢ ካለ ጨርሶ አይቃጠልም።

ጭሱስ? ጽሑፉ ያነሣው ቅሬታ እውነት ነው። ፀደይ ላይ የፍሊንት ሂልስ ጭስ ካንሳስ ሲቲ ድረስ ይደርሳል፤ አስም ያለበት ሰው ይቸገራል። ግን ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ምንድን ነው? ካንሳስ በ2010 የጭስ አስተዳደር ዕቅድ አወጣች። ከብት አርቢው፣ የጤና መሥሪያ ቤቱ፣ ተመራማሪው አንድ ላይ ተቀምጠው የተስማሙበት ነው። ነፋሱ ጭሱን ወዴት እንደሚወስድ ቀድሞ ይታያል፣ ቀኑ ይመረጣል። ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ያለ ትብብር ግን ለመፈታት መንገድ እንኳ የለውም።

በዚህ ክፍል ጸሐፊው አንድ ከባድ ነጥብ አላቸው፤ ልሸሸው አልፈልግም። እሳት ቢራቢሮ ይገድላል ይላሉ። ይገድላል። ፖወሺክ ስኪፐርሊንግ የምትባል ትንሽ ቡናማ ቢራቢሮ አለች። ትሏ የበረዶውን ወራት ሣሩ ላይ ነው የምታሳልፈው። የቀራት ቦታ ትንሽ ሆኖ ያ ቦታ በአንድ ቀን ሙሉ ከተቃጠለ ከየት ትመለሳለች? በአንድ ወቅት ሚኒሶታና አዮዋ ፕሬሪ ላይ እንደ ልብ ትታይ ነበር። በ2014 ለመጥፋት የተቃረበች ተብላ በፌዴራል ሕግ ተመዘገበች። ዛሬ በዱር ያለችው ሚሺጋንና ካናዳ ማኒቶባ ውስጥ በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ነው። ያጠፋት እሳት ብቻ አይደለም፤ ማረሻውም፣ ፀረ ተባዩም፣ የቦታው መበጣጠስም ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ታዲያ መልሱ እሳቱን ማቆም ነው? እሳቱ ከቆመ ሣሩ ጥድ ይሆናል፣ ቢራቢሮዋም አብራ ትሄዳለች። መልሱ የሣሩ ሰው ከቢራቢሮው ሰው ጋር በአንድ ካርታ ላይ ማቀዱ ነው። ይህን ጥግ ዘንድሮ እናቃጥል፣ ያንን እንተው፣ እዚህ ትሎቹ ስላሉ አንንካ። ቢራቢሮዋን ለማትረፍ የሚኒሶታ መካነ እንስሳት፣ ሚሺጋንና ማኒቶባ ካሉ መካነ እንስሳትና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ያራባል፣ ወደ ዱር ይለቃል። ሁለት አገር፣ ብዙ ተቋም፣ አንዲት ቢራቢሮ። አንድ ባለቤት ቢኖር ይህን ሁሉ ከየት ያመጣው ነበር?

«ትንንሾቹ ቦታዎች ይተዉ»

ኢሊኖይን እንይ። 22 ሚሊዮን ኤከር ፕሬሪ ነበራት፤ ጥራቱን ጠብቆ የተረፈው ጥቂት ሺህ ኤከር ነው። ያም የተገኘው በባቡር ሐዲድ ዳርና በጥንት ሠፋሪዎች መቃብር ውስጥ ነው። መቃብር ስለማይታረስ። አንዳንዶቹ ከ5 ኤከር አይበልጡም። ጸሐፊው «ከሙዚየም ዕቃ አይሻሉም» ይላሉ።

ዘሩ ታዲያ ከየት ይምጣ? ቴክሳስ የበቀለ ብሉስቴም ዘር እዚህ ሰሜን አምጥተህ ብትዘራው ለዚህ ብርድ አልተሠራም። የአካባቢው ዘር ያለው እነዚያ ቁራሽ ቦታዎች ውስጥ ብቻ ነው። ናቹሳ የሚባለው የኢሊኖይ ቦታ በ1986 ሲጀመር በጣም የተበጣጠሱ ቁራሾች ነበሩ፤ መካከላቸው የበቆሎ ማሳ። በጎ ፈቃደኞች ከቁራሾቹ ዘሩን በእጅ ለቀሙ፣ አደረቁ፣ ቀላቀሉ፣ በማሳው ላይ ዘሩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቁራሾቹ ተያያዙ። በ2014 ጎሽ ገባበት። ትንንሾቹን ትቶ ትልቅ እፈልጋለሁ ማለት ዘሩን ጥሎ አዝመራ እንደመጠበቅ ነው።

ለወፎችም እንዲሁ ነው። በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው የሰሜን አሜሪካ የሣር ምድር ወፎች ከ1970 ወዲህ ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ብዙዎቹ ወፎች ሰፊና ያልተቆራረጠ ቦታ ይፈልጋሉ። ቁራሾቹን ማያያዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ለማያያዝ ደግሞ በመካከል ያለውን ገበሬ ማነጋገር የግድ ነው።

«ነባር ሕዝቦቹ ለክብር ያህል ይጋበዙ»

እዚህ ላይ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። በ2014 ከሞንታናና ከካናዳ የመጡ ነባር ሕዝቦች ጎሹን ወደ ምድሩ ለመመለስ በመካከላቸው ስምምነት ፈረሙ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተጨመሩ። ኢንተርትራይባል ባፋሎ ካውንስል የሚባለው የነባር ሕዝቦቹ የጋራ ማኅበርም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየጎሣው መሬት ላይ መንጋ እያቋቋመ ነው። ከ2020 ጀምሮም ኔቸር ኮንሰርቫንሲ ከራሱ መንጋ ትርፍ ጎሾችን ለነሱ ያስተላልፋል። መሬት አላቸው፣ መንጋ አላቸው፣ ዕውቀት አላቸው። እንግዳ ናቸው ማለት ነውር ነው።

«ትብብር ማለት ስብሰባ ማለት ነው»

እዚህ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሰነድ ተፈርሞ፣ ፎቶ ተነሥተው፣ መሬት ላይ ምንም ያልሠሩ ጥምረቶች አሉ። የባሰም አለ። በ1996 ቺካጎ ውስጥ 34 ድርጅቶች ተባብረው ቺካጎ ዊልደርነስ የሚባል ጥምረት መሠረቱ። ባለሙያው ሁሉ ነበረበት። በዚያው ዓመት በከተማዋ ዙሪያ ፕሬሪና የኦክ ጫካ ለመመለስ ዛፍ ሲቆረጥ ያዩ ነዋሪዎች ተቆጡ፤ ማንም አላማከረንም አሉ። ሥራው በአካባቢው አስተዳደር ታገደ፤ እገዳው አንዳንድ ቦታ ለዓመታት ቆየ። ድርጅቶቹ እርስ በርስ ተባብረዋል፣ ከጎረቤት ጋር ግን አልተባበሩም።

ጸሐፊው ከዚህ «ትብብር ይቅር» የሚል ትምህርት ወሰዱ። እኔ ያየሁት የጎደለውን ነው። ትብብር የሚሠራው በእጅ የሚነካ የጋራ ነገር ሲኖረው ነው፦ ሣር፣ እሳት፣ ዘር፣ መሣሪያ። ሁሉም የሚያመጣው፣ ሁሉም የሚወስደው ነገር ሊኖር ይገባል። ማታዶር ገበሬው ሣር ያገኛል። ሎስ ካንየንስ ጎረቤት ጉልበት ያገኛል። አብሮ ለመቀመጥ ብቻ መቀመጥ ግን ሰው ያሰለቻል፣ በዚህ እስማማለሁ።

የሚኒሶታ የፕሬሪ ጥበቃ ዕቅድ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። በ2010 ሲወጣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ጥበቃ ድርጅቶችና የአዳኞች ማኅበራት አብረው ነው ያዘጋጁት። ዋና ዋና ቦታዎችንና የሚያገናኟቸውን መተላለፊያዎች ለይቷል። ሥራው ደግሞ ለየአካባቢው የባለሙያ ቡድን ተሰጥቷል። የፌዴራሉ፣ የክፍለ ሀገሩና የግሉ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው የትኛውን መሬት ማን ቢገዛው ይሻላል፣ የትኛውን ማን ያቃጥለው ብለው ይከፋፈላሉ። ሙርሄድ አጠገብ ብሉስቴም ፕሬሪ የሚባለውን ቦታ ያየ ሰው ይገባዋል። የኔቸር ኮንሰርቫንሲና የክፍለ ሀገሩ መሬት አንድ ላይ ነው፤ ጎኑ ባፋሎ ሪቨር ፓርክ ነው። ሚያዝያ ላይ ማለዳ የሚጨፍሩት የፕሬሪ ዶሮዎች የማን መሬት ላይ እንደቆሙ ጉዳያቸው አይደለም።

«እኛን አይመለከተንም»

በጣም የተሰማኝ ይኼ ነው። ጸሐፊው እኛ ሐበሾች የራሳችን ችግር ይበቃናል፣ የፈረንጅ ሣር ምናችን ነው ይላሉ።

ሚኒሶታ ውስጥ የምትኖሩ ሁሉ ለዚህ ሣር እየከፈላችሁ ነው። በ2008 የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ በድምፁ የሽያጭ ግብሩ ላይ ከአንድ ፐርሰንት ሦስት ስምንተኛ ጨመረ። ምግብና ልብስ ግብር የለባቸውም። በ800 ዶላር ስልክ የገዛ ሰው ግን ለዚህ ብቻ 3 ዶላር ይከፍላል። ከዚያ ላይ ሲሶው፣ አንድ ዶላር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ ፕሬሪን፣ ረግረግንና ደንን ለመጠበቅ የተቋቋመው ፈንድ ውስጥ ይገባል። የመኪና ጎማ የቀየረም፣ ለምግብ ቤቱ ወንበር የገዛም እንደዚሁ። ከላይ ካልኳቸው የሚኒሶታ ሥራዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚህ ገንዘብ ነው። ሌላው ለውሃ፣ ለመናፈሻና ለባህል ይሄዳል።

ሕጉ በ2034 ያበቃል። ይቀጥል ከተባለ እንደገና የሕዝብ ድምፅ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ዜግነት ያገኘን ሁሉ እንጠየቃለን። ለጸሐፊውም የምለው ይኼንኑ ነው፦ ጽሑፍዎን የሚያነቡ ሰዎች ድምፅ አላቸው።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ በየአካባቢው ዘር ለቀማ አለ። ልምድ አይጠይቅም። ጓንት፣ ረጅም ሱሪ፣ ባልዲ ይበቃል። የሚለቀመውን ዓይነት አስተባባሪው ጠዋት ያሳያል፤ ልጆችም ይመጣሉ። ጸሐፊው ከመጡ አብሬያቸው ለመሄድ ዝግጁ ነኝ፤ ክርክራችንንም እዚያው እየለቀምን እንቀጥላለን።